የግዞተኛው መዝገብ

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1788 እስከ 1868 ድረስ 160 ሺህ ያህል ፍርደኞችን በመርከብ ወደ አውስትራሊያ አግዛለች። አብዛኞቹ በስርቆት የተፈረደባቸው ድሆች ሲሆኑ፣ ቅጣቱ 7 ዓመት፣ 14 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነበር። ልጆቻቸው ነገሩን እንደ ነውር ቆጥረው ደበቁት። ዛሬ ግን ዘሮቻቸው ከቤተ መዛግብት ቤተ መዛግብት እየዞሩ እነዚያኑ ፍርደኞች ይፈልጋሉ።

ፍለጋው ከራስ ተነሥቶ በልደት፣ በጋብቻና በሞት ምስክር ወረቀት ወደ ኋላ ይጓዛል። በአውስትራሊያዋ የኒው ሳውዝ ዌልስ ቅኝ ግዛት መንግሥት እነዚህን መመዝገብ የጀመረው በ1856 ነው። የሞት ወረቀቱ ሟቹ የት እንደተወለደና በቅኝ ግዛቱ ስንት ዓመት እንደኖረ ስለሚናገር፣ የመጣበትን ዘመን አስልቶ ማግኘት ይቻላል። ከዚያ ለሚቀድመው ጊዜ የቤተ ክርስቲያን መዛግብትና የ1828ቱ ሕዝብ ቆጠራ አሉ። ቆጠራው ሰውየው በፈቃዱ የመጣ፣ እዚያው የተወለደ ወይም ፍርደኛ መሆኑን ለይቶ፣ የመጣበትን መርከብና ዓመት ያስቀምጣል።

የፍለጋው ቁልፍ ይኸው የመርከብ ስም ነው። ጆን ስሚዝ የሚባል ፍርደኛ ብዙ ስለነበር፣ የመዝገብ ጸሐፊዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በመጣበት መርከብ ነበር። መርከቡ ከታወቀ የጫናቸው እስረኞች ዝርዝር ይገኛል፦ የተፈረደበት ቦታና ቀን፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ፣ የትውልድ ስፍራ፣ ሙያና ወንጀል። ከ1820ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የሸሸ እስረኛ እንዲታወቅ ቁመቱ፣ የዓይኑ ቀለም፣ ጠባሳውና ንቅሳቱ ሳይቀር ይጻፍ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ችሎቱ መሄድ ነው። ለንደን ለተፈረደበት ሰው፣ ከ1674 እስከ 1913 የታተመው የኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት የችሎት ዘገባ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል፤ የተሰረቀው ዕቃና የምስክሮቹ ቃል ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። አየርላንዳዊ ከሆነ ይከብዳል፤ በ1922 የደብሊን ቤተ መዛግብት ሲቃጠል ብዙ ሰነድ አብሮ ነዷል።

ጀማሪን የሚያሳስተው የስም መመሳሰል ነው። ዕድሜው፣ መርከቡና የትዳር ጓደኛው ስም በሁለትና በሦስት መዝገብ ካልተስማሙ፣ የተገኘው የሌላ ሰው አያት ሊሆን ይችላል።

ዩኔስኮ እነዚህን የግዞት መዛግብት በ2007 በዓለም የትዝታ መዝገብ አስፍሯቸዋል። በአንጻሩ ከፍሎ በፈቃዱ የተሳፈረ ሰፋሪን ማንም ቁመቱን አልለካውም፤ ጠባሳውንም አልቆጠረለትም። ስለዚህ የዘር ሐረጉን የሚፈልግ ሰው፣ ከጨዋው አያቱ ይልቅ ሌባ ተብሎ የተጋዘውን አበጥሮ የማወቅ ዕድል አለው።