ዘረ መሎች በህዋስ አስኳል ውስጥ ቦታ ሲቀይሩ፦ ከካንሰር ጋር ምን ያገናኘዋል?

ለባዮፕሲ ናሙና ሰጥተው ከሆነ፣ ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የህዋሱ አስኳል (ኒውክለስ) ነው። የካንሰር ህዋስ አስኳል ብዙ ጊዜ ይተልቃል፤ ቅርጹም ይዛባል። ተመራማሪዎች አሁን ከቅርጹ አልፈው፣ በውስጡ ያሉት ዘረ መሎች የት የት እንደተቀመጡ እየመረመሩ ነው።

ዘረ መሎች የራሳቸው ቦታ አላቸው?

አዎ። በአንድ ህዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይረዝማል። በ46 ክሮሞዞሞች ተከፋፍሎ በአስኳሉ ውስጥ የሚቀመጠው ግን በዘፈቀደ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክሮሞዞም የሚያዘወትረው አካባቢ አለው። ለምሳሌ ክሮሞዞም 18 አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጠርዝ፣ ብዙ ዘረ መሎች ያሉት ክሮሞዞም 19 ደግሞ ወደ መሃል ይገኛል።

በካንሰር ጊዜ ምን ይለወጣል?

እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች በጡት ናሙናዎች ላይ 20 ዘረ መሎችን በሚያበራ ቀለም ምልክት አድርገው ቦታቸውን ለኩ። በካንሰር ናሙናዎች ውስጥ የተወሰኑት ከተለመደው ቦታቸው ተዛውረው ተገኙ። ካንሰር ባልሆኑ የጡት ሕመሞች ግን ይህ ለውጥ በአብዛኛው አልታየም።

ጉርብትናም ለውጥ ያመጣል። በክሮሞዞም 9 እና 22 ላይ ያሉ ሁለት ዘረ መሎች በደም አምራች ህዋሶች ውስጥ ተቀራርበው የመገኘት ዝንባሌ አላቸው። ሁለቱም ክሮሞዞሞች በተመሳሳይ ጊዜ ከተሰበሩ፣ ህዋሱ ስብራቱን ሲጠግን ጫፎቹን አሳስቶ ሊያገጣጥም ይችላል። ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ የተባለው የደም ካንሰር መነሻው እንዲህ ያለ የተሳሳተ ግጥሚያ ነው።

ይህ ለእርስዎ ምን ማለት ነው?

የዘረ መል ቦታ መቀየር ብቻውን ካንሰር ያመጣል ማለት አይደለም፤ የበሽታው ውጤትም ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ተስፋ የሚያደርጉት፣ አጠራጣሪ ናሙናዎችን ለመለየት አንድ ቀን ተጨማሪ መረጃ እንዲሰጥ ነው። ዛሬ ግን በሐኪም ቤት የሚሰጥ የተለመደ ምርመራ አይደለም።

ስለዚህ በጡትዎ ላይ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ ደም ካዩ፣ አዲስ ምርመራ እስኪመጣ አይጠብቁ። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ባዮፕሲ ከታዘዘልዎም አያዘግዩት።