ስለ በዓል ስጦታና ስለ ቢላዋ



የበዓል ዋዜማ በደረሰ ቁጥር ወደ አቃቂ የከብት ገበያ የወረደ ሰው አንድ የማይለወጥ ትዕይንት ይመለከታል። ገዢው የበሬውን ሻኛ ይዳስሳል፤ የበጉን ላት በእጁ ይመዝናል፤ ከሻጩም ጋር ረዘም ያለ ክርክር ከገጠመ በኋላ ከደመወዙ ላይ ደህና አድርጎ ከፍሎ፣ የገዛውን እየነዳ ወይም እያስጫነ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ተደክሞበት የመጣው ሥጋ በምን እንደሚቆረጥ የሚያስብ ገዢ ግን ጥቂት ነው። እቤት ሲደርስ ባለቤቱን የሚጠብቃት ካምናው የባሰ የዶለዶመ፣ እጀታው የተነቃነቀ አንድ ቢላዋ ነው። «ሥጋ ሰጥቶ ቢላዋ መንሳት» የሚባለው አነጋገር በየቤታችን በየዓመቱ ቃል በቃል ይፈጸማል ለማለት ይቻላል።

በዛሬው ንግግራችን ለበዓል ስጦታ ከሚታሰቡት ዕቃዎች መካከል ቢላዋና የማዕድ ቤት መሣሪያዎች ስለሚገባቸው ስፍራ ጥቂት እንናገራለን።

የበዓል ማዕድ ቤት ሥራ በአብዛኛው የቢላዋ ሥራ ነው። ዶሮዋ በ12 ብልት የምትወጣው በቢላዋ ነው፤ ለወጡ የሚሆነው ብዙ ሽንኩርት የሚደቀው በቢላዋ ነው፤ ክትፎም ስሙን ያገኘው ከመክተፍ ነው። ስለቱ የዶለዶመ ቢላዋ ይህን ሁሉ ድካም እጥፍ ያደርገዋል። ከዚህም በቀር አደጋ አለው። ብዙ ሰው የተሳለ ቢላዋ ይቆርጠኛል ብሎ ይፈራል፤ ነገሩ ግን በአመዛኙ የተገላቢጦሽ ነው። የተሳለ ስለት በትንሽ ኀይል ወደ ታች ይገባል፤ የዶለዶመው ግን ብርቱ ግፊት ስለሚፈልግ ከሽንኩርቱ ልጣጭ ላይ ተንሸራትቶ በዚያው ኀይል ጣት ላይ ያርፋል። የሽንኩርት እንባ እንኳ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዓይንን የሚያቃጥለው ትነት የሚወጣው የሽንኩርቱ ሥጋ ሲጨፈለቅ ስለሆነ፣ የዶለዶመ ቢላዋ እየጨፈለቀ ሲያስለቅስ የተሳለው ግን ቆርጦ ያልፋል።

እንግዲህ ለበዓል ብርጭቆ፣ ጨርቅ ወይም ጌጥ ይዞ መሄድ ሲያስከብር ቢላዋ መስጠት ለምን ያሳፍራል? በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ቢላዋ ወዳጅነትን ይቆርጣል የሚል የቆየ እምነት አለ። ይሁን እንጂ ሰዎቹ ስጦታውን አልተዉትም፤ ተቀባዩ አንዲት ሳንቲም ለሰጪው በመመለስ ቢላዋው እንደ ተገዛ ይቆጠርለታል። ከዚህ ይልቅ ሊመለስ የሚገባው ሌላ ቅሬታ ነው። ይኸውም ለሚስት ወይም ለእናት ቢላዋ መስጠት «ወደ ጓዳሽ ተመለሽ» እንደ ማለት ይሆናል የሚለው ነው። ቅሬታው እውነት አለው። መልሱ ግን ስጦታውን መተው ሳይሆን ከስጦታው ጋር ራስን ጨምሮ መስጠት ነው። ቢላዋውን ያመጣ ባል ወይም ልጅ በዋዜማው ምሽት እጅጌውን ሰብስቦ ሽንኩርቱን አብሮ የከተፈ እንደ ሆነ፣ ስጦታው ሸክም ማቅለያ እንጂ ሸክም መጫኛ አይሆንም።

አሁን ወደ አመራረጡ እንለፍ። በአገራችን ባለሙያዎች ከሚሠሩት ቢላዋዎች ብዙዎቹ የሚወጡት ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ጠንካራና የሚለመጥ ብረት በመሆኑ፣ ቀጥቃጩ በፍም አቅልቶ በመዶሻ ቅርጽ ያሲዘዋል፤ ቀጥሎም በውኃ ወይም በዘይት ነክሮ ያጠነክረዋል፤ በመጨረሻም እንዳይሰበር መልሶ በመጠኑ ያሞቀዋል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት እንዲህ ወደ አገልግሎት ሲመለስ ማየት ይቻላል። ይህ ዓይነቱ ቢላዋ በቀላሉ ይሳላል፤ ነገር ግን ስለሚዝግ እንደ ታጠበ መድረቅና አልፎ አልፎ ዘይት መቀባት ይገባዋል። ከፋብሪካ የሚመጣው የማይዝግ ብረት ግን ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም የተቀላቀለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ይህን መሰሉን ብረት በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ የሠራው ሃሪ ብሪርሊ ነበር።

ከሁለቱ የትኛውንም ብትገዙ ብረቱ በእጀታው ውስጥ ዘልቆ የገባና በሚስማር የጠበቀ መሆኑን ተመልከቱ። ከቢላዋው ጋር መሳያ ድንጋይ ጨምሩ። ሲሳልም ስለቱን ከድንጋዩ ላይ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ አንሥቶ ሁለቱንም ጎን እኩል ማስኬድ ይበቃል። መክተፊያ የምትሰጡ እንደ ሆነ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለጥሬ ሥጋ፣ ሁለተኛው ሳይበስል ለሚበላ አትክልት። ድስት ስትገዙ ደግሞ ከምን እንደ ተሠራ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሜሩን ድስቶች ላይ የወጣ ጥናት ከአሉሚኒየም ቁርጥራጭ ቀልጠው የተሠሩት እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን ወደ ምግብ ሊለቁ እንደሚችሉ አሳይቷል። እንደዚህ ባለው ድስት ኮምጣጣ ወጥ ባይቀመጥበት ይሻላል።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ እርሱም ቢላዋውን የሠራው እጅ ነው። ብረት ቀጥቃጭ በአገራችን ለብዙ ዘመን የተናቀ ሰው ነበር። የሠራውን ካራና ማረሻ ሁሉም ይፈልገዋል፤ እርሱን ግን «ጠይብ» እያለ ይሰድበዋል፤ በዓይኑም ይፈራዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ እንዲህ ያለው ስድብ ባለሙያውን ከሥራው አሽሽቶ አገርን እንደሚጎዳ ገልጠዋልና። ከብዙ ዓመታት በኋላ በዚሁ በአቃቂ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ቆሞ ብረት ማቅለጥና መቅረጽ የመሐንዲስና የቴክኒሺያን ሙያ ሆነ። ፋብሪካ ውስጥ ቱታ ለብሶ ብረት የሚሠራውን አክብሮ፣ በወናፍ እሳት አጠገብ ተቀምጦ የሚሠራውን መናቅ ግን ፍርድ ማጓደል ነው።

ስለዚህ መጪው በዓል ሲቃረብ፣ ከከብቱ ገበያ በፊት ወደ ብረት ሠሪው ጎራ በሉ። ዋጋውን ሳትንቁ ክፈሉ፤ ሙያውንም አመስግኑ። ቢላዋውንም ለእናት፣ ለባለቤት ወይም ለወዳጅ ስታቀርቡ እጀታውን ወደ ተቀባዩ፣ ስለቱን ወደ ራሳችሁ አድርጋችሁ ይሁን። የስጦታው ትርጉም ሁሉ በዚህ አሰጣጥ ውስጥ ይገኛል፤ ምቾቱ ለተቀባዩ፣ ጥንቃቄው ለሰጪው ነውና።