አንድ ወንበር፣ ብዙ ስክሪን

በድረ ገጽ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ሰው ስልኩ ላይ የሚያየው የወንበሩን ቅጂ ነው፤ ዋናው መዝገብ ያለው ሰርቨር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በሚደረግ በረራ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል እንበል። መቐለ ያለች ልጅ ለአባቷ በስልኳ፣ አዲስ አበባ ያለ የትኬት ወኪል ለደንበኛው በኮምፒውተሩ፣ ዋሽንግተን ያለ ሰው ለእናቱ በላፕቶፑ ያንኑ ወንበር ከፍተው ያያሉ። ሦስቱም ጋ «ክፍት» ይላል። የሚያሳየው ግን ገጹ ሲከፈት የነበረውን ነው። ወንበሩ አሁን የማን እንደሆነ የሚያውቀው ሰርቨሩ ብቻ ነው።

ችግሩ ከድረ ገጽ በፊትም ነበረ። የቀሩ ወንበሮች በእጅ በሚጻፍ ካርድ ይቆጠሩ በነበረበት ዘመን አንድ ወንበር ለሁለት ሰው መሸጡ ያጋጥም ነበር። አሜሪካን ኤርላይንስና አይቢኤም በጋራ የሠሩት ሴበር የተባለ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሥራ ሲጀምር፣ በየከተማው ያሉ ትኬት ቆራጮች ከአንድ ማዕከላዊ መዝገብ እያነበቡ እዚያው ላይ መጻፍ ቻሉ።

በፕሮግራመሮች አነጋገር ወንበሩ «ኦብጀክት» ነው፤ ቁጥር፣ ዋጋና የበረራ ቀን አለው። ክፍት፣ የተያዘ ወይም የተሸጠ መሆኑ ደግሞ «ስቴት»፣ ማለትም ያለበት ሁኔታ ይባላል። ድረ ገጾች የሚሠሩበት ኤችቲቲፒ ግን የሚረሳ ነው፤ የሚመጣለትን ጥያቄ ሁሉ እንደ አዲስ እንግዳ ያስተናግዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 የብሮውዘር ሠሪው የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ብሮውዘሩ የሚይዘውን ኩኪ የተባለ ትንሽ መረጃ ያመጣው ለዚህ ነው። ብሮውዘሩ በኩኪው መለያ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ሰርቨሩም በዚያ ቁጥር የደንበኛውን የግል መሳቢያ ይከፍታል። ይህ መሳቢያ ሴሽን ይባላል።

ለጀማሪ ፕሮግራመር ትልቁ ጥንቃቄ የግሉን ከጋራው መለየት ነው። የተጓዡ ስምና የመረጠው ቀን በመሳቢያው ይቀመጣሉ። ወንበሩ ግን የሁሉም ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ከገባ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ወንበር ይኖረዋል፣ አንዱም ሦስት ጊዜ ይሸጣል። በተቃራኒው የተጓዡ ስም በጋራው ኦብጀክት ላይ ከተጻፈ የአንዱ ስም በሌላው ገጽ ላይ ብቅ ይላል።

ወንበሩ በጋራ ቦታ ቢቀመጥም ሽሚያ አለ። ሽያጭ ሦስት እርምጃ ነው፦ ማንበብ፣ ማጣራት፣ መጻፍ። የመቐለዋ ጥያቄ «ክፍት» ብሎ አንብቦ ሳይጽፍ የዋሽንግተኑ ካነበበ ሁለቱም ይሸጣሉ። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መቆለፍ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው እስኪጨርስ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል። ሁለተኛው በኦብጀክቱ ላይ የእትም ቁጥር መጻፍ ነው። እትም 7ን ያነበበ ጥያቄ መጻፍ የሚችለው መዝገቡ አሁንም 7 ከሆነ ብቻ ነው፤ 8 ከሆነ ሌላ ጥያቄ ቀድሞታልና እንደገና አንብቦ ይሞክራል።

ተጓዡ እስኪከፍል ወንበሩ ለጥቂት ደቂቃ ይያዝለታል። የጊዜ ገደቡን የሚቆጥረው ሰርቨሩ መሆን አለበት፤ የደንበኛው ኔትወርክ መሃል ላይ ከተቋረጠ ወንበሩ ታስሮ እንዳይቀር። ክፍያ ልኮ መልስ ሳያገኝ ቁልፉን እንደገና የሚጫን ሰው ሁለቴ እንዳይከፍል እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ዳግም ሲያይ አዲስ ሂሳብ ሳይቆርጥ የቀድሞውን መልስ ይመልሳል።

ከመጻፍ በፊት የሚደረገው ማጣራት ሲጓደል ምን እንደሚከተል በባንክም መጋቢት 2016 ዓ.ም. ታይቷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት በኤቲኤምና በሞባይል ከሂሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታውቋል።

ደንበኛው ሲበዛ አንድ ሰርቨር አይበቃም። በአንደኛው ሰርቨር ሜሞሪ ያለ ኦብጀክት ለሌላው አይታይምና ሁሉም የሚጠቀሙበት ዳታቤዝ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን ሬዲስን የመሰለ ፈጣን የጋራ ማከማቻ ይደረጋል። ለውጡን ለተመልካች ለማድረስ ገጹ በየጥቂት ሰከንዱ ይጠይቃል፤ ወይም እ.ኤ.አ. በ2011 ደረጃው በወጣለት ዌብሶኬት መስመሩ ክፍት ሆኖ ሰርቨሩ ራሱ ይነግረዋል።

መስመሩ ጨርሶ ሲቆረጥ ጥያቄው ይከብዳል። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጡ፤ በመሃል አገልግሎቱ በከፊል ተመልሶ የነበረ ቢሆንም፣ ከጦርነቱ በኋላ መቐለ ዳግም የተገናኘችውና በረራ እንደገና የተጀመረላት ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። በክልሉ የባንክ አገልግሎትም ቆሞ ነበር። የቆመው በኔትወርክ ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ ሆኖም ሁኔታው የጋራ መዝገብን ጠባይ ያሳያል። ቀድሞ የደንበኛው ሂሳብ በአንድ ቅርንጫፍ ካርድ ላይ ሲያዝ፣ ገንዘብ የሚወጣውም ከዚያው ቅርንጫፍ ነበር። ዛሬ ማዕከላዊው መዝገብ ከየትኛውም ቅርንጫፍ ገንዘብ ለማውጣት ያስችላል፤ ከማዕከሉ ጋር ግንኙነቱ የተቋረጠ ቅርንጫፍ ግን ደንበኛው ስንት ብር እንዳለው አያውቅም።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበው ሐሳብ ይህንኑ ነው፦ መስመር ሲቆረጥ አገልግሎት መስጠትና አንድ ዓይነት መዝገብ መያዝ አብረው አይሄዱም፤ አንዱ ይመረጣል። ምርጫው በኦብጀክቱ ይወሰናል። የተመልካች ቁጥር ወይም የዜና ገጽ ትንሽ ቢዘገይ ጉዳት የለውምና የቆየውን ቅጂ ማሳየት ይቻላል። የመጨረሻው ወንበርና የሰው ገንዘብ ግን በግምት አይሰጡም፤ ሰርቨሩ እርግጠኛ እስኪሆን «ቆይተው ይሞክሩ» ማለት ይኖርበታል።