ዘና ያለው ፊደል

«መካነ ሰላም» ብሎ ታፔላ ላይ በብሩሽ የሚጽፍ ሰው እጁ የሚፈተነው «ሰላም» ላይ ሲደርስ ነው። የ«ሰ» ሁለት እግሮች እኩል መሆን አለባቸው፤ የግራው አጥሮ የቀኙ ከረዘመ «ሳ» ሆኖ ያርፈዋል። ቀጥሎ የሚመጣው «ላ» ደግሞ እግሮቹ ካልተበላለጡ «ለ» ነው። በእጅ የተሳለ የሚመስል የአማርኛ ፎንት ለመሥራት የተነሣ ዲዛይነርም የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው።

እንዲህ ያለው ፎንት ለታፔላ፣ ለፖስተርና ለመጽሐፍ ሽፋን በትልቁ ተጽፎ እንዲታይ የሚሳል ነው። መስመሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይሳሳል፤ ፊደሉ ትንሽ ዘመም ይላል። በላቲን ፊደል የታወቀው ኮሚክ ሳንስ ነው። ቪንሰንት ኮናር እ.ኤ.አ. በ1994 ለማይክሮሶፍት የሳለው፣ አንድ የካርቱን ውሻ በጋዜጣ ፊደል ሲናገር አይቶ አልዋጥልህ ስላለው ነበር።

ላቲን ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ፊደል ነው። የእኛዎቹ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይደርሳሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ 300 ያልፋሉ። የሥራው ብዛት ግን ትልቁ ችግር አይደለም። የላቲን ሠዓሊ የ«ኤም»ን እግር እንዳሻው ቢያስረዝም ያው «ኤም» ነው። የግዕዝ ፊደል እግር ግን ድምፅ ይዟል፤ የ«ቤ» ቀለበትም፣ የ«ቡ» ቅጥያም እንዲሁ። ስለዚህ ጨዋታው ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት፦ በፊደሉ ራስ ጉብታ፣ በመስመሩ ውፍረት፣ በጫፉ ሻካራነት። ጥሩ ሠዓሊ የሚለየው ልቅ የሚያደርገውንና የማይነካውን በማወቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላም አለ። «መመገቢያ» ብላችሁ ስትጽፉ ሁለቱ «መ» ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆኑ የእጅ ጽሑፍ አለመሆኑ እዚያው ይጋለጣል፤ ከሰው እጅ ሁለት ፍጹም እኩል «መ» አይወጣም። የተጠነቀቀ ዲዛይነር ለአንድ ፊደል ሁለት ሦስት መልክ ስሎ፣ ፊደሉ ሲደጋገም ፎንቱ ራሱ እንዲያቀያይራቸው ያደርጋል።

ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ይዘበራረቅ ነበር። ዛሬ ያ ችግር ስለቀለለ፣ በፊደል ሠዓሊው በይገዙ ብሥራት ስም እንደተሰየሙት ጎፈርና ጎቲክ ያሉ የርዕስ ፎንቶችን ማንም ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ መጠቀም ይችላል።

መካነ ሰላም ከተማ ላይ በእጅ የተሳለ ለሚመስለው ፊደል ሥራ አይጠፋም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ተማሪዎች የምረቃ ቲሸርት፣ የሕፃናት መጽሐፍ ሽፋን፣ ልጆች የቦረና ሳይንት ፓርክን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚተዋወቁበት ፖስተር ሁሉ ያምርበታል። የመድኃኒት አወሳሰድና የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ላይ ግን ድርሽ ማለት የለበትም። ጁስ ቤትም ቢሆን ስሙን በዚህ ፊደል ይጻፍ፤ የዋጋ ዝርዝሩን በኒያላ ወይም በኖቶ ፎንት ያድርገው።