ስለ አንድ ትንሽ አውሮፕላን አደጋና ስለማይታየው መርዝ

አውሮፕላን ወደቀ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሞተር መበላሸት ወይም ወደ ክፉ ዐውሎ ነፋስ ነው። ነገር ግን ሞተሩ እየሠራ ሳለ አብራሪው ራሱ ሊደክም ይችላል። የእግር ኳስ ወዳጆች የሚያስታውሱትን የኤሚሊያኖ ሳላን አደጋ ምሳሌ አድርጌ ይህን ነገር ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሳላ የአርጀንቲና ተወላጅ ሲሆን በፈረንሳይ አገር ለናንት ቡድን ይጫወት ነበር። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. የዌልሱ ካርዲፍ ሲቲ በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ጓደኞቹን ሊሰናበት ወደ ናንት ተመልሶ፥ ጥር 13 ቀን ማታ ፓይፐር ማሊቡ በምትባል ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ወደ ካርዲፍ ተነሣ። በውስጧ የነበሩት እርሱና አብራሪው ብቻ ናቸው። አንድ ሰዓት ያህል እንደ በረሩ በገርንዚ ደሴት አጠገብ ከራዳር ጠፋች። ስብርባሪዋ በባሕር ወለል ላይ የተገኘው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው፤ የሳላ አስከሬን ሲወጣ የአብራሪው ግን አልተገኘም።

አስከሬኑ ሲመረመር በደሙ ካለው ሄሞግሎቢን 58 በመቶው በካርቦን ሞኖክሳይድ ተይዞ ነበር። ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ ጤነኛውን ሰው እንኳ ሊገድል ይችላል። ሄሞግሎቢን ማለት ኦክሲጅንን ተሸክሞ በሰውነት ውስጥ የሚያዞር ነው፤ ይህ ጋዝ ግን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቅበታልና ለኦክሲጅን ቦታ አይተውም። መጀመሪያ ራስ ምታት፥ ከዚያም ማዞርና ድብታ ይመጣል። ከሁሉ የሚከፋው ማስተዋልን የሚወስድ በመሆኑ ሰውዬው መመረዙን ለማወቅ የሚያስችለውን አእምሮ አስቀድሞ ያጣል።

ጋዙ ከየት መጣ ቢሉ፥ በብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች የመንገደኛው ክፍል የሚሞቀው በጋለው የሞተር ጢስ ማውጫ ቱቦ ዙሪያ በሚያልፍ አየር ነው። ቱቦው ከተሰነጠቀ መርዙ ከሙቀቱ ጋር ይገባል፤ መልክም ሽታም የለውም።

የእንግሊዝ መርማሪዎች በ2012 ዓ.ም. ባወጡት መግለጫ፥ አውሮፕላኗ ስትታጠፍ ከአብራሪው ቁጥጥር ወጥታ ከልክ ባለፈ ፍጥነት በአየር ላይ እንደ ተሰባበረች፥ አብራሪውንም ጋዙ ሳያደክመው እንዳልቀረ ገለጡ። አብራሪው በሌሊት ለመብረር ፈቃድ አልነበረውም፤ ሰው ሁሉ የተነጋገረውም በዚህና በገንዘቡ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ፥ ጋዙ ሲገባ ጮኾ የሚያስጠነቅቅ አንድ ትንሽ መሣሪያ በዚያች አውሮፕላን ውስጥ አለመኖሩ ነው።

በክረምት ብርድ «ከሰል አፈነው» የምንለውም ይኸው ጋዝ ነው። ከሰሉ ከጋመና ጢሱ ከጠፋ አይጎዳም የሚሉ አሉ፤ ጋዙ ግን ከፍሙም ይወጣል። የታፈነ ሰው ደጅ ወጥቶ ተራ አየር ቢተነፍስ፥ የጋዙ እኩሌታ ከደሙ እስኪለቅ አራት ወይም አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክሲጅን ቢሰጠው ግን ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።