ውል ሲያልቅ ሕክምናውስ?

በአበርገሌ ወረዳ ዋና ከተማ በኒሯቅ የወር ደመወዝ የሚቆጥረው ሰው በአብዛኛው ወይ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ወይ የሰሜኑን ጦርነትና ድርቁን ተከትለው በመጡ የእርዳታ ፕሮጀክቶች በኮንትራት የተቀጠረ። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መኪናው ይመለሳል፣ ቢሮው ይዘጋል፤ አሠሪው የገባለት የሕክምና መድን ካለም በዚያው ቀን ያከትማል። ሾፌሩ የስኳር ሕመምተኛ ቢሆንስ? ኢንሱሊኑ ነገም ያስፈልገዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ላይ ያለውን አይረሳም። የታመመ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ያሳክማል። ከስንብት በኋላ ስለሚቀጥል የሕክምና ሽፋን ግን አዋጁ ግዴታ አልጣለም። በኅብረት ስምምነት ወይም በውሉ ካልተጻፈ የለም ማለት ነው። ክፍተቱን ያጠባል የተባለው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ደግሞ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል።

የሚቀረው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። የተነደፈው ለገበሬውና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ስለሆነ ምዝገባው በአብዛኛው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ሰኔ ላይ ውሉ ያለቀው ሾፌር እስከ ጥር ድረስ ከኪሱ እየከፈለ ይታከማል። ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሪፈር ከተባለም ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያውና የአስታማሚው ቀለብ ይጨመርበታል።

ይህን መሰሉን ክፍተት ለመሙላት አሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የጤና መድን ካለው፣ የለቀቀው ሰው በአብዛኛው ለ18 ወራት በዚያው መድን መቆየት ይችላል። ወጪውን ግን እስከ 102 በመቶ የሚከፍለው ራሱ ነው። ደመወዝ ለተቋረጠበት ሰው ይህ አይበጅም።

እኔ የምለው፣ መልቀቂያ ይዞ የመጣ ሁሉ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ በማንኛውም ወር ይመዝገብ፤ የመጀመሪያውን ዓመት የቤተሰብ መዋጮም አሠሪው ከመጨረሻው ሒሳብ ጋር ይክፈል። የመድኑ ኃላፊዎች «የሚመዘገበው የታመመው ብቻ ነው» ብለው ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። አሠሪው ለተሰናባቾቹ ሁሉ በአንድነት ሲከፍል ግን ጤነኛውም አብሮ ይገባል። ለዚህ ደግሞ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የእርዳታ ድርጅቶች የመዝጊያ በጀት ሲያዘጋጁ አንድ መስመር ይጨምሩ፣ የወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤትም መዝገቡን ይክፈትላቸው።