ምስሉ ሲቆም ዋጋ አትቁረጡ

«አሎ! አሎ! የኋላ እግሩን አሳየኝ!» መተማ ዮሐንስ ከብት ገበያ ውሎ ይህን ጩኸት ያልሰማ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ስልክ የያዘው ልጅ በሬውን ይዞራል፤ ገዳሪፍ የተቀመጠው ገዢ ግን የሚያየው ከደቂቃ በፊት የቆመ ምስል ነው። አንድ ጊዜ እኔ ባለሁበት ሁለት ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ጥሪ በስድስት ሰንጋ ተስማሙ። ከብቶቹ ገላባት ሲሻገሩ አንዱ የኋላ እግሩን ይጎትታል። ገዢው «ደበቅኸኝ» አለ፣ ሻጩ «አስኪጄ አሳይቼሃለሁ» አለ። ሁለቱም አልዋሹም፤ በሬው ሲራመድ ምስሉ ቆሞ ነበር። በሽምግልና ጉዳቱን ተካፈሉ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አብረው ሲነግዱ አላየኋቸውም።

ቀድሞ ገዢው ራሱ መጥቶ ሻኛውን ዳብሶ፣ ጥርሱን አይቶ ነበር የሚገዛው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገዱም ገንዘብ ይዞ መጓዙም ከብዶ ብዙው ሥራ ወደ ስልክ ገባ። ስልኩም ቢሆን አልተመቸም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። በሱዳን በኩል በጥር 2016 መጨረሻ የዋና ዋናዎቹ የቴሌኮም ድርጅቶች አገልግሎት ተቋርጦ ብዙ ሰው በሰዓት እየከፈለ ወደ ስታርሊንክ ዞረ። ቀጥሎ የሱዳን የቴሌኮሙኒኬሽንና የፖስታ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን የአገር ደኅንነትን ምክንያት አድርጎ ከሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ እንደሚገደብ አስታወቀ። የጽሑፍ መልእክትና የቡድን መወያያው ከገደቡ ውጭ ነበሩ።

ስለዚህ ጥሪው እምቢ ሲል «ኔትወርክ የለም» ብሎ ስልኩን ማጥፋትና ማብራት ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ ይለይ። ለዚህ አንዲት አጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩና ከጎኗ የሚመጣውን ምልክት ተመልከቱ። የሰዓት ምልክት ላይ ከቀረች መልእክቷ ከእናንተ ስልክ አልወጣችም፤ ችግሩ በእናንተ በኩል ነው። አንድ ራይት ካሳየች ከእናንተ ወጥታ የዋትስአፕ ክላውድ ላይ፣ ማለትም መሐል ላይ ካለው ማከማቻ ደርሳለች፤ ስልኩ የተዘጋው ወይም ዳታ የሌለው ሰውየው ነው፤ እናንተ ሲም ብትቀያይሩ ምንም አይለወጥም። ሁለት ራይት ሆና ጥሪው ግን ደጋግሞ እየጠራ የማይገናኝ ከሆነ ገደቡን ጠርጥሩ። ጥሪው ተገናኝቶ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ተጣቧል ወይም ሲግናሉ ደክሟል።

ድንበር ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ከወዲያ ማዶ ያለው ምሰሶ ሲበረታ ስልኩ ሳታውቁት ወደዚያኛው አገር መስመር ይዘላል፤ ዳታው ይቆማል፣ ሒሳቡም ሊበላ ይችላል። በስልኩ ቅንብር ውስጥ ኔትወርክ በራሱ እንዲመርጥ የሚያደርገውን አጥፍታችሁ የራሳችሁን መስመር በእጅ ምረጡ። ሮሚንግም ይዘጋ።

ብዙዎች የሚጠይቁኝ ሌላ ነገር አለ፤ «ዩቲዩብ ጥርት ብሎ እያሳየኝ የእኔ ቪዲዮ ለምን ይደበዝዛል?» ይላሉ። ማየት መቀበል ነው፤ ማሳየት ግን መላክ ነው። ሁለቱ አቅማቸው እኩል አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የመላኪያው መንገድ ጠባብ ነው። በገበያ ቀን ደግሞ በረቱን የሞላው ሰው ሁሉ በአንድ ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል። ጠዋት ከብቱ ሳይገባ ወይም አመሻሽ ላይ የተላከ ቪዲዮ በቶሎ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

ዋናው ነገር ግን በቀጥታ ጥሪና ተቀርጾ በሚላክ ቪዲዮ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የቀጥታ ጥሪ ሳይቆጠር እንደሚነዳ መንጋ ነው፤ ወደ ኋላ የቀረውን ተመልሶ የሚፈልገው የለም፣ ከቆመ ይዘገያልና። ተቀርጾ የሚላከው እየተቆጠረ የሚሻገር መንጋ ነው፤ አንዲት ቁራጭ ብትጎድል ስልኩ መልሶ ይልካታል። ይዘገያል እንጂ አይጎድልም። ተቀባዩ ስልኩን ቢዘጋ እንኳ ዋትስአፕ እስከ 30 ቀን ያቆይለታል። ቴሌግራም ደግሞ ክላውዱ ላይ ስለሚያስቀምጠው ከሌላ ስልክም ገብቶ ማየት ይቻላል።

በእንስሳት ጤና በኩል ሲታይ ነገሩ ይብሳል። መስመሩ ሲደክም ጥሪው የምስሉን ብዛት ሊቀንስ ይችላል፤ ያኔ ከብቱ የሚራመድ ሳይሆን ከቦታ ቦታ የሚዘል ይመስላል። ማነከስ ደግሞ የሚታወቀው በእርምጃ ነው። ድምፁም እንዲሁ ነው። የጥሪ መተግበሪያዎች የሰው ንግግር ጎልቶ እንዲሰማ በዙሪያው ያለውን ድምፅ ያጠፋሉ፤ ለእነሱ የበሬ ሳል ጫጫታ ነው። የሳንባ በሽታ ያለበት ከብት ስልኩ አጠገብ እየሳለ ገዳሪፍ ያለው ሰው ላይሰማው ይችላል። በስልኩ ካሜራ ተቀርጾ ሲላክ ግን ሳሉ ይቀራል።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ከብት ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ቅረጹ፤ ስልኩ በአግድም ይያዝ። ከጎን ሻኛውና የጎድን አጥንቱ በአንድ ላይ ይታይ፣ ከዚያ ጠንካራ መሬት ላይ አሥር እርምጃ ያህል ይሂድና ይመለስ። ሲቆም ማንም አይናገር፤ ትንፋሹና ሳሉ ይሰማ። ከዚያ አፉና አፍንጫው፤ ለሃጭ የሚያዝረበርብ ከብት አፍተግር ይኖርበት እንደሆነ ያጠራጥራል። ጥርስ በቪዲዮ አይታይም፣ ይደበዝዛል። የታችኛውን ከንፈር ገልጣችሁ ፎቶ አንሡና እንደ ሰነድ ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ዋትስአፕ ይጨምቀዋል፣ እንደ ሰነድ ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ሁለት ጥርስ የቀየረውን ሙሉ ጥርስ ካወጣው ለመለየት ይህ በቂ ነው። ካሜራውን ደግሞ ወደ 720 ወይም 480 አውርዱት። አንድ ደቂቃ በ1080 ሲቀረጽ ከ100 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ከመተማ በረት መላክ ግማሽ ቀን ማቃጠል ነው።

«የተቀረጸውማ የአምና ሊሆን ይችላል» የሚል ገዢ አለ፤ ልክ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ገዢው በዚያው ጠዋት አንድ ቁጥር በጽሑፍ ይላክ፣ 4719 እንበል። ቀራጩ ቪዲዮውን ሲጀምር ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጥራና ሳያቋርጥ ከብቱን ያሳይ። መሐል ላይ የተቆረጠ ቪዲዮ ካያችሁ እንደገና አስቀርጹ። ቪዲዮው ከደረሰ በኋላ ሁለታችሁም ከፍታችሁት በተራ ስልክ ጥሪ ተነጋገሩበት። ተራ ጥሪ ዳታ አይፈልግም፣ የዋትስአፕ ገደብም አይነካውም። ገንዘብ ይበላል፤ ግን አሥር ሰንጋ በረት አስሮ መስመር እስኪመለስ መጠበቅም ይበላል። ለአንዱ መኖና ውኃ በቀን 150 ብር ቢወጣ ሁለት ቀን መጠበቅ 3,000 ብር ነው፤ የሚቀንሰው ክብደት ሳይቆጠር።

ቪፒኤን የሚጠቀሙም አሉ። ጥሪውን ሊያገናኝ ይችላል፤ ነገር ግን መስመሩን ያስረዝማል፣ ምስሉን ይብስ ያንቀራፍፋል። ነጻ የሚባሉት ደግሞ በእነሱ በኩል የሚያልፈውን ማን እንደሚያየው አይታወቅም። ሕጉንም ጠይቃችሁ ግቡበት። እኔ ለከብት ግዢ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።

በቪዲዮ የማይታይም አለ። ገንዲ በመጀመሪያው ሰሞን ከብቱን አያከሳውም፤ የሚገኘው በደም ምርመራ ነው። የጤና የምስክር ወረቀቱ በፎቶ ይላክ፣ ቁጥሩ ይነበብ፣ ከከብቱ የጆሮ ምልክት ጋር ይመሳከር።

ከብቱ ተሻግሮ፣ ተቆጥሮ፣ ሒሳቡ እስኪዘጋ ቪዲዮውን ከስልካችሁ አታጥፉ። የስልኩ ማከማቻ ከሞላ ወደ ሚሞሪ ካርድ አዛውሩት ወይም ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ ስልኩ ቢጠፋ በሌላ ስልክ ይገኛል።